ለእንግዳ የሚሠራው ፍሪጅ

የመቱ ሰው ዕቃው ሲበላሽበት «ተበላሸብኝ» አይልም፤ «እምቢ አለኝ» ነው የሚለው። ከዳሪሙ የሚመጣ ገበሬ ሬዲዮኑን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና «ዲዴ» ይለኛል። በኦሮምኛም ያው እምቢ አለ ማለት ነው። «ምን ብለው ቢያዙት ነው እምቢ ያለዎት?» የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ይደርስና እመልሰዋለሁ።

ባለቤቴ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ስታብላይዘር፣ አንዳንዴም የወፍጮ ሞተር ይጠግናል። ሱቃችን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ደንበኛው የሚለው ነገር አይሰማም፤ ዝናቡ ደግሞ መች ያቋርጣል። እኔ ከፊት ተቀምጬ ዕቃ እቀበላለሁ፤ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ይሠራል። ለመቀበል የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ ቶሎ ይነድደኛል። «ምን ሆነ?» ብዬ ስጠይቅ «እኔ ምን አውቄ፣ የምታውቁት እናንተ አይደላችሁ?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ከቡሬ የመጡ ሰውዬ ቴሌቪዥናቸው አልታዘዝ እንዳላቸው ነገሩኝና ሪሞቱን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ቴሌቪዥኑስ የት አለ?» አልኳቸው።

«እሱ ምን አደረገ? የሚያዘው ይሄ አይደል!»

እንዲህ ያለውን ሰው ወደመጣበት ልሸኝ ስነሳ ባለቤቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ወጣ። «ኮታ፣ ታኣ» አላቸው፣ ኑ ተቀመጡ ማለቱ ነው፤ ወንበሩንም አቀረበላቸው። ቀጥሎ የጠየቃቸው ስለ ቴሌቪዥኑ አልነበረም። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ማን ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚተኛ፣ ልጆቹ በምን እንደሚጣሉ ጠየቃቸው። ሰውየው እየሳቁ ሲያወሩ ቆይተው፣ ሪሞቱ ጠፍቶ በከረመ ጊዜ ትንሹ ልጃቸው የቴሌቪዥኑን ቁልፍ በሹካ ጫፍ ሲጫን እንደነበር ጣል አደረጉ። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ቴሌቪዥኑ ራሱ መጣ፤ ሹካ የበላው ቁልፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ተነክሶ ቀርቶ ነበር።

እኔ በጥያቄ አፋጥጬ የማላገኘውን እሱ በወሬ ያገኘዋል። ባሌ ስለሆነ አይደለም የማደንቀው፤ ባሌ ስለሆነማ የሚያናድደኝ ብዙ ነው። ሰው አስረድቶ መናገር ስላልቻለ ብቻ ችግሩ ቀላል ነው ብሎ ሲያስብ አይቼው አላውቅም። ይህን ጠባዩን ከሁሉ በላይ ያየሁት በጎሬዋ ሴትዮ ፍሪጅ ነው።

ሞባይል በየቤቱ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ባለፍሪጇ ጎሬ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደሩ፣ ከአንዲት ልጃቸው በቀር ማንም የሌላቸው ሴት ናቸው። እትዬ እላቸው ስለነበር እዚህም እትዬ እያልኩ ልቀጥል። ልጃቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነች፤ የስኳር ሕመም ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት ሲሏቸው እትዬ ያላቸውን አሟጠው ፍሪጅ ገዙ። የጎሬ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል እንዳያቃጥለውም አብረው ስታብላይዘር ገዙለት፤ የሚዋዥቀውን ኃይል አስተካክሎ ለፍሪጁ የሚያቀብለው ሳጥን ማለት ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ፍሪጁ እምቢ ማለት ጀመረ። ማታ ደህና ሲያጉረመርም ያመሸው ጧት ሲከፍቱት ሞቆ ይገኛል፤ ውስጡ ያለው አምፖል እንኳ አይበራም። ቆይቶ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነሳል። መድኃኒቱ መሞቅና መብረድ ሲፈራረቅበት ኃይሉ አልቆ ኖሯል፣ ልጅቷ ታማ ሆስፒታል ገባች። ይህን ሁሉ የሰማነው ግን በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን እትዬ በስልክ የነገሩኝ «ፍሪጄ አንዳንዴ እምቢ ይለኛል፣ የኔ ልጅ» ብቻ ነበር።

«አንዳንዴ ሲሉ መቼ መቼ ነው እትዬ?»

«ሲያሰኘው።»

«ሲጠፋ ድምፅ ያሰማል?»

«ኧረ ዝም ነው የሚለው። ያኮርፋል።»

ስልኩን ዘግቼ መጋረጃውን ገለጥኩና «ጎሬ አንድ ያኮረፈ ፍሪጅ አለልህ፤ ሄደህ አስታርቃቸው» አልኩት።

ቀጠሮ ይዤለት ሄደ። ፍሪጁ ምንም አልሆነም፤ በረዶው እንኳ ጠጥሯል። ሶኬቱን ፈታ፣ ገመዱን አየ፣ ፍሪጁንም ስታብላይዘሩንም በቴስተር ለካ። ሁሉም ደህና ነው። ሻይ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆዩ እትዬ ደወሉ፤ እንደገና ቀጠሮ ተያዘ፤ እንደገና ሄደ፤ እንደገና ደህና ሆኖ አገኘው። በሦስተኛው ፍሪጁን ቡና ጭኖ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ አስጭኖ መቱ አመጣው። ሱቃችን ውስጥ ከራሳችን ስታብላይዘር ጋር ተሰክቶ ሲያጉረመርም ሰነበተ፤ አንድም ቀን አልጠፋም። እኔማ የመጠጥ ውሃዬን እያስቀመጥኩበት ለምጄው ነበር። መልሰን ላክነው። ገና ቦታው ከመግባቱ ስልኩ ጮኸ።

«ሴትዮዋ ራሳቸው ይነቅሉታል» አልኩ በንዴት። «ካልሆነም በሕልማቸው ነው የሚጠፋው።»

«ልጇ የታመመችባት እናት ፍሪጅ ምን አድርጊ ብሏት ትነቅላለች?» አለኝ። «አይጠፋም ማለት እኮ አንችልም። እኔ ባለሁበት አልጠፋም፣ እሱን ብቻ ነው የምናውቀው።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዝናባማ ቀን እትዬ ራሳቸው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ነጠላቸው ርሶ፣ አነስተኛ ፔርሙዝ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አስደግፈዋል። የልጃቸውን መድኃኒት በበረዶ አድርገው ይዘው መመለሳቸው ነው። ፍሪጁን ማመን ስለተዉ፣ ከሆስፒታሉ ትንሽ ትንሽ እየተሰጣቸው በየጊዜው ከጎሬ መቱ ይመላለሳሉ። የወሰኑትንም ያን ቀን ነገሩን። ፍሪጁ ካልተስተካከለ ልጅቷ ትምህርት ሲዘጋ ጅማ እህታቸው ቤት ልትሄድ ነው፤ እዚያ መድኃኒቱ አይበላሽም። «እኔ ሥራዬን ትቼ የት እገባለሁ? እሷ ትሂድ፣ ደህና ትሁንልኝ» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ተነሥቼ ሻይ አዘዝኩላቸው።

ባለቤቴ ከጎናቸው ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ፍሪጁን ትቶ ሌላ ሌላውን ይጠይቃቸው ጀመር። ጧት ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ማታ ምን እንደሚሠሩ፣ ቤታቸው ማን እንደሚመጣ። ከወሬ ወሬ ሲያልፉ የንስሐ አባታቸው ፍሪጁን ጠበል እንደረጩላቸው ተናገሩ።

«ያን ዕለት ምን ሆነ?» አላቸው።

«ምን ይሆናል! ሲያገለግል ዋለ። ለንስሐ አባቴ ይሠራል፣ ለእርስዎም ይሠራል። እምቢ የሚለው ለእኔና ለልጄ ነው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ባለቤቴን አየሁት። አልሳቀም። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ንስሐ አባትዎ ሊመጡ ሲሉ ቤቱን ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? አሰናዳሁት ነዋ።»

«እኔ ስመጣስ?»

«ለእርስዎም አሰናዳለሁ። ሰው ሊመጣ ነው እየተባለ ዝም ይባላል እንዴ?»

ሌላ አልጠየቃቸውም። ሚኒባስ እስኪሳፈሩ ሸኝቷቸው ሲመለስ «ሳንደውል እንሂድ» አለኝ።

«ሳንደውል! ያሳፍራቸዋል እኮ።»

በእኛ አገር ጎረቤት ሳይነግር ይገባል፤ ባለሙያ ግን ተጠርቶና ተጠብቆ ነው የሚመጣው። ቤቱ ይጠረጋል፣ ዕቃው ይነሳል፣ ሻይ ይጣዳል። ባለቤቴም የጠረጠረው ይህንኑ ነበር። እኛ የምናየው ቤት እትዬ የሚኖሩበት ቤት አይደለም።

ቅዳሜ ዕለት ሱቁን ዘግተን አብረን ሄድን። ጎሬ እንደ ወትሮዋ ጉም ውስጥ ነበረች። በሩን ስናንኳኳ እትዬ ከፈቱት፤ ሲያዩን ደንግጠው መልሰው ሊዘጉት ምንም አልቀራቸው።

«ውይ! ምነው ሳትነግሩኝ! ቆዩ፣ አንዴ እዚያው ቁሙልኝ፣ ላነሳሳ!»

ባለቤቴ መቃኑን ያዝ አደረገ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንደ እንግዳ አይቁጠሩኝ። እንደ ልጅዎ ልግባ። ምንም ነገር እንዳያነሱ።»

ግራ ተጋብተው አየት አደረጉኝ። እኔም «እባክዎ እትዬ» አልኳቸው። ከበሩ ገለል አሉ።

ፍሪጁ ጥግ ላይ ቆሟል፤ እንደገና ጠፍቷል። ከጎኑ በርጩማ ላይ ያለውን ነገር ግን ባለቤቴም እንደዚያ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ስታብላይዘሩ ልብስ ለብሷል። ከነጭና ከቀይ ሱፍ ክር በኪሮሽ ተሠርቶ፣ ከውስጥ ገበር ገብቶለት፣ ዙሪያው አበባ ወጥቶለት፣ በጀርባው በኩል በጥብጣብ ታስሯል። ልክክ ከማለቱ የተነሳ የሳጥኑ ብረት በአንድም በኩል አይታይም።

ባለቤቴ መዳፉን አሳረፈበት፣ ከዚያ እኔን ጠርቶ እጄን አስቀመጠበት። አሁን ካውያ ከላዩ እንደተነሳ ልብስ ይሞቃል። ጥብጣቡን ፈትቶ ሲገልጠው በሳጥኑ ጎንና ጎን ያሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ወጡ። ሙቀቱ የሚወጣው በእነሱ ነው። ጧትና ማታ ጎሬ ሁሉ ምድጃና አምፖል ሲለኩስ ኃይሉ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሳጥኑ ይበልጥ ይለፋል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ሲያይልበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ፍሪጁም አብሮት ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነሳል። እኛ መቱ ያመጣነው ፍሪጁን ብቻ ነው፤ እትዬ «ፍሪጄ» ስላሉን።

«ይሄ ልብስ ሁልጊዜ እዚህ ነው?» አላቸው።

«ሁልጊዜ ነዋ። እርስዎ ሲመጡ ቅባት እንዳይነካው አወልቀዋለሁ። በጠበሉም ጊዜ እንዳይርስ አውልቄው ነበር።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ልብሱ መቼ ጠየቁኝ?» አሉት።

እውነታቸውን ነው። የተጠየቁትን አንድም ሳያጎድሉ የመለሱ ሴት ናቸው፤ እኔም በስልክ ድምፁን ጠየቅኩ፣ ሰዓቱን ጠየቅኩ፣ ምን ይለብሳል ብዬ አልጠየቅኩም። ባለቤቴ ግን ፈገግ እንኳ ሳይል «ልክ ነዎት» አላቸው። ከዚያ ልብሱን አገላብጦ እያየ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ጠየቀ።

«የልጄ ነው» አሉ። «ለፋሲካ። ልጅ ሁሉ አዲስ ልብስ ሲለብስ 'ይሄ የኔን መድኃኒት ቀን ከሌት የሚጠብቅ ዘበኛ ምነው በጎሬ ብርድ ራቁቱን ይቆማል' ብላ፣ ጾሙን ሙሉ ስትሠራ ከረመች።»

ይህን ብለው እንደጨረሱ ነገሩ ገባቸው። ልብሱን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ልጄን ያሳመማት ይሄ ነው?»

ባለቤቴ ልብሱን ወደ ራሱ ሰበሰበው።

«እንዳትነግሩብኝ» አሉ። «ራሷን ትጠላለች። እኔ አውቃታለሁ፤ በዚህ ነገር እንቅልፍ አይወስዳትም።»

«ልብሱን አይጥ በላው እንበላት» አልኩ ቶሎ ብዬ። ሳልዋሽ የምኖር ሰው ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን አሥር ውሸት እደረድር ነበር።

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። «ሌላ ትሠራለታለች» አለ።

እሱ እውነቱን ነው፤ እንደዚያች ያለች ልጅ አይጥ በላው ቢሏት ከዚህ የወፈረ ነው የምትሠራለት። ገና ምን እንደምንል ሳንመክር በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ቅዳሜ ጧት ከሚሰጠው ማጠናከሪያ ትምህርት መመለሷ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዓይኗ ሁሉን የሚለቅም ልጅ። ሁላችንንም በየተራ ሳመችንና ባለቤቴ እጅ ላይ ያለውን አየች።

«ጋሼ፣ ለምን አወለቁበት?»

«ነይ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አላት። ሳጥኑ ገና አልቀዘቀዘም። «ይሄ ዘበኛሽ ሥራ ሲበዛበት ይሞቀዋል። መተንፈሻዎቹ እነዚህ ናቸው። ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው፣ እንዳይቃጠል ይጠፋል።»

ልጅቷ እጇን አላነሳችም። ክፍተቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። እንደገባት ፊቷ ላይ አየሁ፤ ምነው ትንሽ ሰነፍ በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

«ስለዚህ መድኃኒቴን ያበላሸሁት እኔ ነኝ?»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ አይደለሽም ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«አይደለሽም» አላት ባለቤቴ። «ዕቃ ማወቅ የማን ሥራ ነው?»

«የእርስዎ።»

«የኔ ነው። እዚህ ቤት ደጋግሜ መጣሁ። ፈታሁ፣ ለካሁ፣ ሻይ ጠጣሁ። እኔ በሌለሁበት ይሄ ሳጥን ምን እንደሚመስል ግን እናትሽን አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅ የመጀመሪያው ቀን ይነግሩኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺ አትውሰጅብኝ።»

ልጅቷ አየችው። የምትወደው ሰው ሊያባብላት ሲዋሽና እውነት ሲነግራት የምትለይ ይመስለኛል፤ በሽታ ልጅን ያንን ያስተምራል። ባለቤቴ ደግሞ አልዋሸም። በእርግጥም ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና «ይልቅ ይሄን ንገሪኝ፤ እንዴት ብለሽ ነው እንዲህ ልክክ ያደረግሽው?» አላት።

«በስንዝር ለካሁት» አለች፤ ድምፅዋ ገና አልጠራም።

«በስንዝር! እኔ በሜትር ለክቼም አይገጥምልኝ» አላት። ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ነው የሳቀችው፤ እናትየውም ያን ሳቅ ሰምተው ነው ወደ እኛ የዞሩት።

ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ራቁቱን ተከለው። ልብሱን ልጅቷ ራሷ አጣጥፋ የልብስ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ክረምቱ ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ፤ ፍሪጁ አልጠፋም። ጅማ መሄዱም ቀረ፤ ስሙም አልተነሳ።

በበጋው መድኃኒቱን ሊቀበሉ መቱ ሲመጡ እናትና ልጅ ሱቃችን ይገባሉ። አንድ ጊዜ እኔ ከእትዬ ጋር ወሬ ይዤ ሳለሁ ልጅቷ በእኛው ስታብላይዘር ዙሪያ እየዞረች ጎንበስ ቀና ስትል አየሁ። አሰልችተናት የምትጫወት መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሲመጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ለባለቤቴ ሰጠችው። ሲፈታው ነጭና ቀይ የኪሮሽ ሥራ ነው። ገበር የለውም፤ ክሩ ቀጭን፣ አሠራሩም እንደ ወንፊት ክፍት ክፍት ነው። የሳጥኑን አናት ብቻ ይሸፍናል። ጠርዙ በግራና በቀኝ ይወርድና ክፍተቶቹ ከሚጀምሩበት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በጀርባ በኩልም ሙሉ በሙሉ ተትቷል። አንድም መተንፈሻ አልነካም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ስታብላይዘሩን አልብሶ፣ ሥራ እንዲበዛበት የተጠገኑትን ፍሪጆች ሁሉ ሰካበት። ከዚያ ሥራውን ትቶ ወንበር አቀረበና መዳፉን ላዩ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ደንበኛ መጣ፤ ተቀበልኩ። ሌላ መጣ፤ ተቀበልኩ። ሊመሽ ሲል አላስቻለኝም።

«ሞቀ እንዴ?» አልኩት።

«አልሞቀም» አለኝ። እጁን ግን አላነሳም።